ታጥቦ የሚሞላውና ተጥሎ የሚረሳው

ስለ ምርጫና ስለ ሹም ሽር፣ ስለ በጀትና ስለ ድንበር ስንነጋገር ቆይተን ዛሬ ከአውራ ጣት ስለምታንስ አንዲት ፕላስቲክ ልጽፍ ብነሣ «ይህ ሰው ነገር አለቀበት እንዴ?» የሚለኝ አይጠፋም። አልፈርድበትም። ነገር ግን መንግሥትና ነጋዴ፣ ሕግና ዜጋ እንዴት እንደሚተያዩ ለማወቅ ሁልጊዜ ወደ ፓርላማ ማንጋጠጥ አያስፈልግም፤ አንዳንድ ጊዜ የቆሻሻ ቅርጫት ገልጦ ማየት ይበቃል። የማወራው ስለ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ካርትሪጅ ነው፤ ኒኮቲን ያለበትን ፈሳሽ ስለምትይዘው ትንሽ ዕቃ። ሰዎች በአንድ ወቅት ያችን ዕቃ አጥበው ደግመው ይሞሏት ነበር። ዛሬ አብዛኛው ተጠቃሚ ይጥላታል። ከማጠብ ወደ መጣል የተሻገርነው ማጠቡ አድካሚ ስለነበረ ብቻ አይደለም። ሕግ አውጪውና ነጋዴው፣ ተማክረውም ባይሆን፣ እጅና ጓንት ሆነው ወደዚያው ስለመሩን ነው። የዛሬው ክርክሬ ይኸው ነው።

አስቀድሜ ሁለት ነገሮችን ላስይዝ። አንደኛ፣ እኔ አጫሽ አይደለሁም፤ ሲጋራ የማያውቅ ሰው ኤሌክትሮኒኩን ይጀምር ዘንድም ፈጽሞ አልመክርም። ኒኮቲን በየትኛውም በር ቢገባ ሱስ ነው። ሁለተኛ፣ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ብዬ ካልለየኋቸው በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ

ዛሬ የምናውቀውን ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ በመፈልሰፍ ስሙ የሚነሣው ሖን ሊክ የተባለ ቻይናዊ የመድኃኒት ባለሙያ ነው። ራሱ ሲጋራ አብዝቶ የሚያጨስ፣ አባቱንም በሳንባ ካንሰር ያጣ ሰው ነበር። በ2003 የፈለሰፈው መሣሪያ በ2004 በቻይና ገበያ ዋለ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ተሻገረ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተለመደው ዓይነት በሦስት የሚፈታታ ነበር፦ ባትሪው፣ ማሞቂያው፣ ካርትሪጁ። ካርትሪጁ ማለት በውስጡ ባዘቶ የመሰለ ሰው ሠራሽ ጭረት የታጨቀበት፣ በፈሳሽ የራሰ፣ በአንድ በኩል ከንፈር የሚነካው ቀፎ ነው። ፈሳሹ ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን ከሚባሉ ሁለት ነገሮች፣ ከኒኮቲንና ከማጣፈጫ የተቀመመ ነው። ተጠቃሚው ሲስብ ማሞቂያው ይግላል፤ ፈሳሹም ወደ እንፋሎት ይለወጣል።

በኩራዝ ብርሃን ያጠና ወይም ያጠናን ሰው ሲያወራ የሰማ አንባቢ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ኩራዝ ነጭ ጋዝ አለው፤ ክር አለው፤ ማሰሮ ወይም ጣሳ አለው። ጋዙ ሲያልቅ ይሞላል፤ ክሩ ሲያር ይቆረጣል፤ ጣሳው ጥላሸት ሲለብስ ይታጠባል። ጋዝ አለቀ ብሎ ኩራዙን የሚወረውር ሰው ቢገኝ ኖሮ ዘመዶቹ ወደ ጠበል ይወስዱት ነበር።

የያኔዎቹ ተጠቃሚዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ካርትሪጁ ሲደርቅ ባዘቶውን በወስፌ መሰል ነገር ያወጡታል፤ ቀፎውንና ባዘቶውን በለብ ያለ ውኃ ያጥባሉ፤ አንድ ቀን ሙሉ ያደርቁታል፤ ከዚያም ከጠርሙስ በጠብታ እየቆጠሩ ይሞሉታል። ባዘቶው ከታጨቀ ፈሳሹ አይወርድም፤ ከሳሳ ይፈስሳል፤ እርጥበት ከቀረበት ጣዕሙ ይበላሻል። ይህ ሁሉ ሥራ የሚጠይቅ፣ ልምድ የሚጠይቅ፣ ከሁሉም በላይ ዕቃው ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅን የሚጠይቅ ነበር። ተጠቃሚው የገዛው ዕቃ ባለቤት ነበረ ማለት ይህ ነው።

ማጠቡ ጽድቅ አልነበረም

እዚህ ላይ የአጣቢውን ውዳሴ ዘምሬ ባልፍ አድሏዊ እሆናለሁ። ማጠቡ አደጋ ነበረው። የኒኮቲን ፈሳሽ መርዝ ነው፤ በቆዳም ይሰርጋል። የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ በተከፈተ ጠርሙስ መሙላት በተለይ ሕፃናት ባሉበት ቤት ከእሳት ጋር መጫወት ነው። በ2014 መጨረሻ በኒው ዮርክ ግዛት አንድ ሕፃን ከዚህ ፈሳሽ ቀምሶ ሞቷል። የአሜሪካ ኮንግረስ ጠርሙሶቹ ለሕፃናት የማይከፈት ክዳን እንዲኖራቸው የሚያዝዘው ሕግ በ2016 መጀመሪያ ላይ በፕሬዚዳንቱ ፊርማ ጸደቀ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እንዲህ ያለውን ነው፤ ቢሆንም ከነጭራሹ ካለመጮህ ይሻላል።

ነገር ግን ልብ እንበል። አጣቢው ስለሚሞላው ፈሳሽ የማያውቀውን ያህል፣ አዲስ ካርትሪጅ የሚገዛውም ሰው ስለገዛው ፈሳሽ አያውቅም ነበር። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2009 የሁለት ኩባንያዎችን 18 ካርትሪጆች መርምሮ ያገኘው ምን ነበር? በአንደኛው ውስጥ 1 በመቶ ያህል ዳይኤቲሊን ግላይኮል የተባለ፣ ለመኪና ማቀዝቀዣ ፈሳሽ የሚውል መርዛማ ነገር ነበረበት። «ኒኮቲን የለበትም» የሚል ከተለጠፈባቸው መካከል ደግሞ ከአንዱ በስተቀር በሁሉም ኒኮቲን ተገኘ። እነዚህ ታጥበው የተሞሉ አልነበሩም፤ በፋብሪካ የታሸጉ ነበሩ። እንግዲህ ከመጀመሪያው ችግሩ መታጠቡ ላይ አልነበረም። ችግሩ አለመታወቁ ላይ ነበር።

ሕግ አውጪው ይህን ልዩነት ቢይዝ ኖሮ መንገዱ ቀና በሆነ ነበር። «ውስጡ ምን እንዳለ ተናገር፤ የማይመርዝ አድርገህ ሥራ፤ ገዢው እንዲከፍተውና እንዲያጸዳው አድርገህ አዘጋጅ» ይል ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው።

ሕጉ ስምን ሲያሳድድ

በዲሴምበር 2010 የዋሽንግተን ዲሲ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ ለሕክምና ይረዳል ተብሎ ካልተሸጠ በስተቀር፣ እንደ መድኃኒት ሳይሆን እንደ ትምባሆ ውጤት ይታይ ብሎ ወሰነ። አስተዳደሩ ግን ሥልጣኑን በእነዚህ ዕቃዎች ላይ ለመዘርጋት እስከ ኦገስት 2016 ቆየ። ደንቡ ሲመጣ እያንዳንዱ ምርት የገበያ ፈቃድ ማመልከቻ ያቅርብ አለ። ፈሳሽ የሚቀምም ትንሽ ሱቅም በሕግ ዓይን «አምራች» ሆነ። ለጤና ጥበቃ ሲባል የወጣ ደንብ መሆኑን አልክድም። ሆኖም የሳይንስ ጥናት ክምር ይዞ ማመልከቻ ማስገባት የሚችለው ማን ነው? የሰፈሩ ሱቅ ነው ወይስ ከኋላው የትምባሆ ካፒታል የቆመለት ኩባንያ? መልሱን ለአንባቢ እተወዋለሁ።

በዚሁ መካከል በ2015 ጁል የተባለው ምርት ወጣ። የፍላሽ ዲስክ መልክ ያለው፣ 0.7 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ የምትይዝ የታሸገች ካርትሪጅ የሚጎርስ፣ በኒኮቲን ይዘቱ 5 በመቶ የነበረ ዕቃ ነው። አንዷ ካርትሪጅ የአንድ ፓኮ ሲጋራ ያህል ኒኮቲን አላት ይባልላት ነበር። የጁል ካርትሪጅ እንድትታጠብ ወይም እንድትሞላ ታስባ አልተሠራችም፤ ባለሙያ እጅ ያላቸው ሰዎች ግን ክዳኗን ፈልቅቀው ይሞሏት ነበር። ከማርልቦሮ በስተጀርባ ያለው አልትሪያ በዲሴምበር 2018 የኩባንያውን 35 በመቶ ድርሻ በ12.8 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ያን ሁሉ ገንዘብ ለፕላስቲክ ቀፎ የሚከፍል የለም። የተከፈለው ደንበኛው ቀፎዋን እየጣለ ዕለት ዕለት ተመልሶ ይመጣል ለሚለው ተስፋ ነው። አልትሪያ ያንን ድርሻ በ2023 ትቶ ቢወጣም፣ የሥራው ዘዴ ግን በሌሎች እጅ ቀጥሏል።

ወጣቶች በዚህ ነገር ሲጠመዱ መንግሥት ነቃ። በጃንዋሪ 2020 አስተዳደሩ ከትምባሆና ከሜንቶል በስተቀር ማጣፈጫ ያለባቸውን ካርትሪጆች ከገበያ አስወጣለሁ አለ። ልብ በሉ፤ ቃሉ «ካርትሪጅ» የሚል ነበር። ካርትሪጅ የሌለው፣ ባትሪውም ፈሳሹም ማሞቂያውም በአንድ ቀፎ ተጠቅልሎ ሲያልቅ ሙሉ በሙሉ የሚጣለው ዕቃ ከትእዛዙ ውጭ ቀረ። ነጋዴው ይህን ለማየት መነጽር አላስፈለገውም። ፓፍ ባርና መሰሎቹ በወራት ውስጥ ገበያውን አጥለቀለቁት። ሕጉ ካርትሪጇን ሲያባርር ነጋዴው ባትሪውንም ጨምሮ የሚጣል ነገር ይዞ መጣ። ቀድሞ የሚጣለው ቀፎው ብቻ ነበር፤ አሁን ቤቱም ተጣለ። ኋላም ፓፍ ባር «ኒኮቲናችን ከትምባሆ ቅጠል አልመጣም፤ በቤተ ሙከራ የተሠራ ነው» ብሎ ከሕጉ ሊያመልጥ ሞከረ፤ ኮንግረስ ያንን ቀዳዳ የደፈነው በ2022 ነው።

የአውሮፓ ኅብረትም ከዚህ አልራቀም። በ2014 ወጥቶ በ2016 ሥራ ላይ የዋለው የትምባሆ መመሪያው ካርትሪጅ ከ2 ሚሊ ሊትር፣ የመሙያ ጠርሙስ ከ10 ሚሊ ሊትር፣ ኒኮቲን በአንድ ሚሊ ሊትር ከ20 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ወሰነ። ዓላማው ሕፃናትን ከመርዝ መጠበቅ ነው፤ መልካም ነው። ነጋዴው ግን ምን አደረገ? ኒኮቲን የሌለበትን ፈሳሽ በትልቅ ጠርሙስ፣ ኒኮቲኑን ደግሞ በትንሽ ጠርሙስ ለይቶ ሸጠ፤ ገዢው በቤቱ ይቀላቅለው ጀመር። ሰው በጓዳው ኒኮቲን እንዳይቀምም የወጣ ሕግ ሰውን በጓዳው ቀማሚ አደረገው። እንዲህ ነው፤ ሕግ ዕቃውን በስሙና በመጠኑ ብቻ ሲያሳድድ፣ ዕቃው ስምና መጠን ይለውጣል።

ተቃራኒው ክርክር

«ታዲያ ሰው ሁሉ ካርትሪጁን እየከፈተ ያገኘውን ይሙላበት ነው የምትለው?» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም በ2019 ክረምት በአሜሪካ ሆስፒታሎች የታየው ነው። ጤነኛ የነበሩ ወጣቶች ሳንባቸው ተቃጥሎ በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ወደቁ። እስከ ፌብሩዋሪ 2020 ድረስ 2,807 ሰዎች ሆስፒታል እንደገቡ ወይም እንደሞቱ፣ ከእነርሱም 68ቱ እንደሞቱ ተመዘገበ። ተመራማሪዎች ከ51 ሕሙማን ሳንባ የወሰዱትን ፈሳሽ ሲመረምሩ በ48ቱ ላይ ቫይታሚን ኢ አሲቴት የተባለ ቅባት አገኙ። ይህ ቅባት በአብዛኛው በጥቁር ገበያ በሚሸጡ፣ የካናቢስ ንጥረ ነገር ባለባቸው ካርትሪጆች ውስጥ ለማቅጠኛነት የተጨመረ ነበር። ሻጮቹ ባዶ ቀፎና የሚያምር ማሸጊያ ገዝተው በስውር ቤት ይሞሉ ነበር።

ስለዚህ እውነት ነው፤ መሙላት ይገድላል፣ የሚሞላው ነገር ካልታወቀ። ነገር ግን ከዚህ ሐዘን የሚወሰደው ትምህርት «ሁሉም ይታሸግ» የሚል ነው ወይ? የገደሉት ካርትሪጆችም እኮ ታሽገው፣ ተለጥፎባቸው፣ በሚያምር ሳጥን ቀርበው ነበር። ገዢው ያመነው ማሸጊያውን ነው። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንዲሉ፣ ሰውን ያታለለው እሽጉ እንጂ መታጠቡ አልነበረም። የራሱን ካርትሪጅ አጥቦ፣ ከታወቀ አምራች፣ ይዘቱ ከተጻፈበትና ከተመረመረ ጠርሙስ የሚሞላ ሰውና፣ የማያውቀው ሰው በማያውቀው ቅባት የሞላለትን እሽግ የሚገዛ ሰው አንድ አይደሉም። ሕግ የሁለቱን ልዩነት ካልለየ ምን ሊለይ ነው?

አራት ኪሎና ዋሽንግተን በአንድ ጥያቄ ሲገናኙ

ካርትሪጅ የሚለው ቃል ለአዲስ አበባ አንባቢ እንግዳ አይደለም። የመመረቂያ ጽሑፉን አራት ኪሎም ይሁን ስድስት ኪሎ ያሳተመ ሁሉ የፎቶ ኮፒ ቤቱን «ቶነር እንሞላለን» የሚል ማስታወቂያ ያውቀዋል። ያለቀን የማተሚያ ካርትሪጅ ፈትቶ፣ ትርፍራፊውን አራግፎ፣ አጽድቶ፣ በአዲስ ዱቄት መሙላት በከተማችን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ያንን ሙያ ማንም በአዋጅ አላቋቋመውም፤ አዲሱ ካርትሪጅ በዶላር ስለሚገዛና ዶላር ስለሌለን የተወለደ ነው።

ይኸው ጥያቄ የአሜሪካን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያነጋገረ መሆኑን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ይመስለኛል። ሌክስማርክ የተባለው የማተሚያ ኩባንያ ካርትሪጁን በቅናሽ ሲሸጥ «አንዴ ብቻ ተጠቀምበት፤ ከእኔ በቀር ለማንም አትመልስ» የሚል ውል ያስገባ ነበር። በዌስት ቨርጂኒያ ያለ ኢምፕሬሽን ፕሮዳክትስ የተባለ ትንሽ ድርጅት ባዶዎቹን ገዝቶ፣ ሞልቶ ሸጠ። ሌክስማርክ «የፈጠራ መብቴ ተጣሰ» ብሎ ከሰሰ። በሜይ 30 ቀን 2017 ፍርድ ቤቱ ለትንሹ ድርጅት ፈረደ። ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ በጻፉት ውሳኔ አሮጌ መኪና ጠግኖ የሚሸጥን ጋራዥ ምሳሌ አድርገው ነበር፦ የእያንዳንዱ ብሎን ፈጣሪ ከሽያጭ በኋላም መኪናውን እየተከተለ ፈቃድ ቢያስጠይቅ ንግድ የሚባል ነገር አይኖርም። ፍሬ ነገሩ፣ የሸጥከው ዕቃ ከእጅህ ወጥቷል፤ የፈጠራ መብትህም በሽያጩ ያበቃል የሚል ነው።

እነሆ መርሁ። ይህ መርህ ግን ስለ ፈጠራ መብት ነው፤ በሙጫ ለተጣበቀ ቀፎ መፍቻ አይሆንም። ዳኛ «ክፈተው፣ ያንተ ነው» ቢልም፣ መሐንዲሱ እንዳይከፈት አድርጎ ከሠራው መብቱ በወረቀት ላይ ይቀራል። ኤሌክትሮኒክ ሲጋራው ላይ የሆነው ይኸው ነው። በ2023 የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅና የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች በሚጣሉት መሣሪያዎች ውስጥ ያሉትን ባትሪዎች አውጥተው ሲፈትሹ፣ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ተሞልተው ሊሠሩ የሚችሉ መሆናቸውን አገኙ። አንድ ጊዜ ብቻ እንዲያገለግል የተፈረደበት ባትሪ ለዓመታት ማገልገል ይችል ነበር ማለት ነው። ጉድለቱ የባትሪው አልነበረም፤ ውሳኔው የነጋዴው ነበር።

ጉልቻ ቢለዋወጥ

ብሪታንያን እንመልከት። ማቴሪያል ፎከስ የተባለው ድርጅት በ2022 በዚያች አገር በሳምንት 1.3 ሚሊዮን የሚጣሉ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራዎች ወደ ቆሻሻ እንደሚሄዱ ገመተ። በ2023 ቁጥሩ 5 ሚሊዮን ደረሰ። በዚያ የሚባክነው ሊትየም በዓመት ለ5,000 የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ይበቃል ተባለ። የተጨፈለቁ ባትሪዎች በቆሻሻ መኪኖችና በማከማቻዎች ውስጥ እሳት ያስነሣሉ፤ የእሳቱን ወጪ የሚከፍለው ደግሞ አጫሹም የማያጨሰውም ግብር ከፋይ ነው። ጥቅሙ የግል፣ ኪሳራው የጋራ!

መንግሥታት ነቁ። አውስትራሊያ በ2024 መጀመሪያ የሚጣሉትን ከውጭ እንዳይገቡ ከለከለች፤ ቤልጂየም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ፣ ፈረንሳይ በፌብሩዋሪ 2025፣ ብሪታንያ ከጁን 1 ቀን 2025 ጀምሮ ሽያጩን አገዱ። እኔም እሰየው ብያለሁ። የብሪታንያን ሕግ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ግን «ዳግም የሚሞላ» የሚለው ቃል እንዴት እንደተፈታ ሲያይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። በደንቡ መሠረት ዕቃው ባትሪው የሚሞላ ከሆነና ፈሳሹን የያዘችው የታሸገች ካርትሪጅ ተለይታ ተገዝታ የምትተካ ከሆነ «ዳግም የሚሞላ» ይባላል። ካርትሪጇ ራሷ ግን አትታጠብም፤ አትሞላም፤ ትጣላለች። ነጋዴው በአሮጌው ቅርጽ ላይ የባትሪ መሙያ ቀዳዳ ጨምሮ፣ ካርትሪጇን ነቃይ አድርጎ በማግስቱ ገበያ ወጣ። ዋጋው ከቀድሞው ካልራቀ ገዢው ለምን ይልፋ? ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም።

በአንጻሩ የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣውን የባትሪ ደንብ ተመልከቱ። ከፌብሩዋሪ 18 ቀን 2027 ጀምሮ በተንቀሳቃሽ ዕቃዎች ውስጥ ያለ ባትሪ በተጠቃሚው እጅ የሚወጣና የሚተካ መሆን አለበት ይላል። ይህ ሕግ የዕቃውን ስም አይጠይቅም፤ «ይከፈታል ወይስ አይከፈትም?» ብሎ ይጠይቃል። ሕግ ማለት ይህ ነው። ስሙን የለወጠ አያመልጠውም።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

የኢትዮጵያ ጉዳይ በዚህ ውስጥ የለበትም የሚል ካለ ተሳስቷል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ማምረት፣ ወደ አገር ማስገባት፣ ማከፋፈልና መሸጥ ከልክሏል። ይኸው አዋጅ በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ያገደ፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ትምባሆ መሸጥን የከለከለ፣ በሲጋራ ፓኮ ላይ 70 በመቶ የሚሸፍን ማስጠንቀቂያ ያዘዘ ጠንካራ ሕግ ነው። አጫሽ ጥቂት በሆነባት አገር አዲስ ሱስ በር ላይ ሳለ መመለስ ማስተዋል ነው፤ ለዚህ አዋጁን ያወጡት ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል።

ነገር ግን አዋጅ የንግድ መርከብን ያቆማል እንጂ የመንገደኛን ሻንጣ ሁሉ አያስቀርም። የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች በዚያው በ2019 የእነዚህን ዕቃዎች ሽያጭ ፈቅዳለች፤ ከዱባይ፣ ከለንደንና ከዋሽንግተን ወደ ቦሌ የሚመላለሰው ወገናችንም ብዙ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ሲያልቅ የት ይወድቃል? ሻጩ በሕግ ስለሌለ፣ መልሶ የመረከብ ግዴታ የሚጣልበትም የለም። በብሪታንያ ቬፕ የሚሸጥ ሱቅ ያለቀውን ዕቃ ከደንበኛው የመረከብ ግዴታ አለበት፤ እኛ ዘንድ «የለም» የተባለን ዕቃ ማን ይሰብስብ?

የሚሰበስበውን እናውቀዋለን። «ቁራሊዮ!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ወጣት ነው፤ የፕላስቲክ ሳህን ይዛ «ልዋጭ!» የምትለው እኅት ናት፤ ከዚያም በቆሻሻ ክምር ላይ የሚለቅሙት ወገኖቻችን ናቸው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን የቀበረ ጊዜ፣ ከቆሻሻችን ጋር የሚኖሩት እነማን እንደሆኑ አገር ሁሉ አይቷል። ያንን መዓት ያመጣው ባትሪ አልነበረም፤ የጠቀስኩት የጣልነው ነገር ሁሉ መጨረሻው የሰው እጅ መሆኑን ለማስታወስ ነው። ያችን ቀፎ ቆርቆሮ ያለባት መስሏት በድንጋይ የምትቀጠቅጥ ልጅ የኒኮቲን ቅሪት ይነካታል፤ ሊትየሙ ሊነድድባት ይችላል። አዋጅ ቁጥሩን አታውቅም፤ እዳውን የምትከፍለው ግን እርስዋ ናት።

ምን ይሁን ነው የምለው?

ወቀሳ ብቻ ይዞ መሄድ ልማዴ አይደለምና፣ አራት ነገር ልበል። አንደኛ፣ እነዚህ ዕቃዎች በተፈቀዱባቸው አገሮች ሕጉ «የሚጣል» የሚለውን ስም ሳይሆን መከፈትን ይለካ። ካርትሪጇ ትከፈታለች? ትታጠባለች? ባትሪው ይወጣል? መልሱ አይደለም ከሆነ ገበያ አይውጣ። ሁለተኛ፣ የሚሞላው ፈሳሽ ይዘቱ ሙሉ በሙሉ ይጻፍበት፤ በገለልተኛ ቤተ ሙከራ ይመርመር፤ ክዳኑ ለሕፃን አይከፈት። በ2009ም ሆነ በ2019 ሰውን ለአደጋ ያጋለጠው ምስጢር ነውና። ሦስተኛ፣ አምራቹ ከእያንዳንዱ ካርትሪጅ ጋር የመያዣ ገንዘብ ይቀበል፤ ባዶውን ለመለሰ ይመልስ። የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ ያለ ባዶ ጠርሙስ አልሸጥም ሲባል ያደግን ሰዎች ይህን እንደ አዲስ ጥበብ ልናየው አይገባም። አራተኛ፣ በአገራችን ክልከላው ይጽና፤ ነገር ግን ከክልከላው ጎን በአየር ማረፊያና በወረዳ እንዲህ ያለ ባትሪ ያለበት ነገር ያለ ጥያቄና ያለ ቅጣት የሚጣልበት ሣጥን ይኑር። ወንጀለኛ እሆናለሁ ብሎ የፈራ ሰው ባትሪውን የሚወረውረው ጨለማን ተገን አድርጎ ወንዝ ውስጥ ነው።

በአሜሪካም በአውሮፓም ለምትኖሩ፣ ሲጋራ ለመተው ብላችሁ ወደዚህ ዕቃ ለተሻገራችሁ ወገኖቼም አንድ ቃል አለኝ። ከቻላችሁ ሁለቱንም ተዉ። እስክትተዉ ድረስ ግን የሚከፈተውንና የሚሞላውን ምረጡ፤ ይዘቱ ያልተጻፈበትን ፈሳሽ አትሙሉ፤ ሲሞሉም ጓንት ይኑር፣ ሕፃን አይኑር፤ እንዳይከፈት ሆኖ የታሸገውን በስለት ፈልቅቃችሁ ለመሙላት አትታገሉ፤ ባትሪ ያለበትን ነገር ከወጥ ቤት ቆሻሻ ጋር አትጣሉ። ይህ የጽድቅ ሥራ አይደለም፤ የጨዋ ጎረቤት ግዴታ ነው።

ነጋዴ ዕቃውን ሸጦ ትርፉን ሲወስድ ፍርስራሹን ለእኛ ይተዋል። መንግሥት ደግሞ የዕቃውን ስም ከልክሎ ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል። በሁለቱ መካከል የቀረው ዜጋ ነው፤ የገዛውን መክፈት ያልተፈቀደለት፣ የጣለውን ግን የሚተነፍሰው ዜጋ። የገዛኸውን ዕቃ ከፍተህ ማየት ካልቻልክ ባለቤቱ አንተ አይደለህም፤ ተከራይ ነህ። ተከራይ ደግሞ ቤቱ ሲፈርስ ከፍርስራሹ በስተቀር የሚደርሰው ነገር የለም።

ልብ ያለው ልብ ይበል። ቸር ይግጠመን።